እማን የሚያሳይ ዲሽ

— ሄሎ… ሄሎ ረዲ… ወአለይኩም ሰላም። እህትህ ኢፍቱ ነኝ። አዎ፣ የአባ ስልክ እኔ ጋ ነው። ጠዋት «ወሬ የሌለው ስልክ ምን ያደርግልኛል» ብለው ወረወሩልኝ።

— አይ፣ አልደወለችም። … እማ አልደወለችም አልኩህ እኮ! ሐጃጆቹ ከመካ ወደ ሚና ከወጡ ወዲህ ድምጿን አልሰማንም። ከእነሱ ጋር የሄደው መሪም ስልኩ ዝግ ነው። … እኔንም ጨንቆኛል ረዲ። ግፊት ያለባት ሴትዮ፣ በዚያ ሙቀት… ተወው፣ ክፉ አላወራም።

— አባማ የት ይሄዳሉ? ጋቢያቸውን ተከናንበው ቴሌቪዥኑ ፊት ናቸው። … ምን ያያሉ? ምንም! ምስሉ ብቅ ይላል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚያ «ሲግናል የለም» ብሎ ይጠቁራል። እሳቸው ጥቁሩን ያያሉ።

— እማን ፍለጋ ነዋ! ትናንት ነግሬህ የለም? ዛሬ ሐጃጁ በሙሉ አረፋ ተራራ ላይ ነው፣ የመካው ቻናል በቀጥታ ያሳያል፣ እሷም እዚያው ናት፣ ስለዚህ ትታያለች። አለቀ። … ነገርኳቸው እንጂ! «አባ፣ ስንት ሚሊዮን ሕዝብ እኮ ነው» አልኳቸው። «እኔ ዙቤዳን ገበያ መሀል ከጀርባዋ አውቃታለሁ» አሉኝ። በል እስቲ አንተ መልስላቸው።

— ሪሲቨሩ አይደለም። … ረዲ፣ ሪሲቨሩ አይደለም! ትናንት አንተ ባልከኝ ነቅዬ ስሰካ፣ ነቅዬ ስሰካ ጣቴ አለቀ። ዲሹ ነው። ኃይለየሱስ ከጎባ መጥቶ አየው… ዲሽ ሠሪው። ሳህኑ በበረዶ ተቀጥቅጦ ጎብጧል፣ እግሩ ዝጎ ሊወድቅ ነው። ደግሞ እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት…

— የእማ ገመድ ነዋ! የልብስ ማስጫዋን አንዱን ጫፍ ከአጥሩ፣ አንዱን ጫፍ ከዲሹ ነው ያሰረችው። … እውነቴን ነው! እርጥብ ብርድ ልብስ ባሰጣች ቁጥር ዲሹ ይዞራል። ከዚያ አባ ይወጡና በከዘራቸው መትተው ይመልሱታል። እኛ ስንት ዓመት ሙሉ ዝናቡን ስንራገም! … ሳቅ፣ ሳቅ። አንተ ምን አለብህ፣ ጊኒር ተቀምጠህ።

— አይ፣ አልፈታነውም። ኃይለየሱስ ገመዱን ሊፈታ እጁን ሲሰድ አባ ብድግ አሉ። «ራሷ ያሰረችው ነው፣ ራሷ ትፈታዋለች።» ድምፃቸው… እንጃ፣ ኃይለየሱስ እጁን ሰበሰበ። አሮጌው ዲሽ ለገመዱ ቀረ። አዲሱን ከጓዳው በላይ ግድግዳው ላይ እየገጠመው ነው።

— ከዒድ በኋላ ምን ይረባል? ፀሐይ ስትገባ ከተራራው ይወርዳሉ፣ በቃ፣ አለፈ። ካላየኋት አላምንም የሚሉ ይመስላሉ እኮ ረዲ። ከሄደች ወዲህ እህል በወጉ አጉርሻቸው አላውቅም፣ ማታ ማታ ሁለት ጉርሻ ነው። ዛሬ ደግሞ ፆም ነው ብለው ተገላገሉኝ።

— ቆይ፣ እየጠራኝ ነው። አቤት ኃይለየሱስ! … ገና ነው! … ገና! … ትንሽ መጣ! … ሄደ! ኧረ ሄደ፣ ወደ ነበረበት መልሰው!

— ሰማህ? ከጠዋት ጀምሮ ሥራዬ ይሄ ነው። መጣ፣ ሄደ። መጣ፣ ሄደ። ፆመኛ ነኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ነገ ዒድ ነው፣ ቤቱ አልተጠረገ፣ ሽንኩርቱ አልተላጠ። ኃይለየሱስም ምሳውን አልበላ። ሻይ ላፍላልህ ብለው «ቤቱ ሁሉ ፆሞ እኔ ብቻዬን አልጠጣም» አለኝ። አፈርኩ።

— በጉንስ መቼ ነው የምታመጣው? … ነገ? ነገ ማለዳ? … ገበያ አለኝ፣ ገበያ አለኝ! አንተ ገበያ የሌለህ ቀን መቼ ነው? እኔ ደከመኝ ረዲ። እውነቴን ነው የምልህ። ቀን ከአባ ጋር፣ ማታ ከሐሳብ ጋር… በጉንም ተወው፣ አንተ ብቻ ና። አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋሉ፣ እኔን ሲያዩኝ «ደወለች?» ብቻ ነው የሚሉኝ።

— አቤት! … መጣ! … መጣ፣ መጣ፣ መጣ! ኃይለየሱስ አትንካው! እንዳለ እሰረው! … ኧረ አልሄደም፣ ቆመ! ብሎኑን አጥብቀው!

— ረዲ፣ ወላሂ እንደ መስታወት ነው! ተራራው፣ ሰዉ፣ ድንኳኑ… የሰው ፊት ሁሉ ይለያል። አባ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ፣ ዓይንዎን ያምዎታል… አባ፣ እንዲያ ከተጠጉማ ለኛም አይታየንም! … አይሰሙኝም። አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ነው።

— ምን አሉ? … ረዲ ቆይ። «ኩኖ! ኩኖ!» እያሉ ነው። ይቻትና እያሉ! … እኔ ምን አውቄ? አንዲት ሴትዮ ናት፣ አረንጓዴ ዣንጥላ ይዛለች። … ጀርባዋ ነው የሚታየኝ። … እሷ አትመስለኝም ረዲ። ረዘም ትላለች። እሷ አይደለችም። ግን ፊታቸውን ብታይ…

— ቆይ፣ ቆይ፣ ሌላ ስልክ እየገባ ነው። … የውጭ ቁጥር ነው! አትዝጋ!

— ሄሎ? ሄሎ፣ ማን ልበል? … እማ! … እማዬ! አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ… ምነው ጠፋሽ? … ውሃ ገባበት? ይሄስ የማን ስልክ ነው? … አብራሽ ያለችው የሲምቦ? አላህ ይስጣት። ግፊትሽስ? … እግርሽ አበጠ? … ድንኳን ውስጥ? ከጠዋት ጀምሮ ጋደም እንዳልሽ ነው? ውጪ አልወጣሽም? … አይ፣ ደግ አደረግሽ። ዱዓው እዚያም ሆነሽ ይደርሳል።

— ኧረ አላመመኝም፣ ድምፄ የተዘጋው ስጮህ ውዬ ነው። ዲሽ እያስቀየርን ነው። … ገመድሽ አለ እማ። ማንም አልነካውም።

— አባ! አባ፣ እማ ናት! ስልኩን ይያዙ! … አባ? … እማ፣ አይቀበሉኝም። «ጨሊሲ» አሉኝ። ዝም በይ፣ ምስሉን ከቀየሩት አጣታለሁ አሉ። … ማንን ይሆናል፣ አንቺን ነዋ! ቴሌቪዥኑ ላይ አገኘኋት ብለው… እኔ ምን ላድርግ? አንዲት አረንጓዴ ዣንጥላ የያዘች ሴትዮ ናት። … ቆማለች። አንድ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች። ታለቅሳለች መሰለኝ።

— ልንገራቸው እንዴ እማ? ድንኳን ውስጥ ናት ልበላቸው? … እማ? ትሰሚኛለሽ? … «እኔ ነኝ በዪው»? … እማ… … አዎ፣ አረንጓዴ። … እሺ። እሺ፣ እላቸዋለሁ። አታልቅሺ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊው። ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ ደውዪ፣ ያነጋግሩሻል።

— ሄሎ ረዲ? አለህ? … እሷ ናት! … ደህና ናት። ስልኳ ውሃ ገብቶበት ነው። እግሯ አብጦ ድንኳን ውስጥ ጋደም ብላለች። … አንተ፣ እያለቀስክ ነው? … አልቅስ፣ ምን አለበት። እኔ እንባም ደርቆብኛል፣ ቁጭ ነው ያልኩት፣ መሬት ላይ።

— አዎ፣ ነገርኳት። «ስንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ፈልጎኝ አያውቅም፣ ዛሬ ከፈለገኝ እኔ ነኝ በዪው» አለች። … እንጃ፣ ውሸት ከሆነም ለሷና ለሳቸው ነው፣ እኔ ምን አገባኝ።

— አባ! እማ «እኔ ነኝ» ብላለች! ባለዣንጥላዋ! … ዘወር ብለው አዩኝ ብቻ። አስተያየታቸው ግን… እንዴ! ኃይለየሱስ! ምን ነክተህ ነው? … ኧረ እሱ አይደለም። መብራት ሄደ ረዲ። ሰፈሩ በሙሉ ጠፋ። … ይኸው ነው እንግዲህ። አዲስ ዲሽ፣ አዲስ ኬብል፣ መብራት የለም። ኃይለየሱስ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እኔስ ሳቁም አቃተኝ።

— አባ፣ አይዞዎት፣ አሁን ይመጣል… «ይሂድ» አሉ ረዲ። «ይሂድ፣ አይቻታለሁ» አሉ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ወደ እኔ እየመጡ ነው። … ምን አሉኝ? ስልኬን አምጪ አሉ።

— ለምን ይሆናል? ሊጠይቋት ነዋ! «የዣንጥላዋን ቀለም ልጠይቃት» አሉ! … አትሳቅ! ተላላ መስለውህ ነበር? … አይዞህ፣ አረንጓዴ መሆኑን ነግሬያታለሁ እኮ… ይኸው፣ እየደወለች ነው። እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ዝጋ ረዲ፣ ዝጋ… ያ ረቢ፣ ቀለሙን እንዳትረሳው ብቻ።