የዘይነብ እንቁላል

ባሌ ከተስቦ ተርፎ እህል አልወርድ ብሎት በተኛ ጊዜ፣ ሐኪሙ ቅባት ከለከለና «እንቁላል የፈላ ውሃ ውስጥ ሰብራችሁ፣ አስኳሉ ሳይጠጥር ስጡት» አለን። ቀላል መስሎኝ ነበር። ከጎረቤቴ ከዘይነብ የገዛሁትን ብሰብረው ነጩ ተበትኖ ድስቱን ሞላው። አማቴ ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄን የሻሽ እጣቢ ልታጠጪው ነው?» አሉኝ።

ድስቱን እንደያዝኩ ዘይነብ ቤት ገባሁ። እንቁላል በገዛሁ ቁጥር አንድ መርቂልኝ ብላት የማትሰማ ሴት ናት። «ይኸው ዕቃሽ» አልኳት። ሌላ ነጋዴ ቢሆን «ጃንሆይ ይሙት፣ የዛሬ ነው» ይለኝ ነበር። እሷ ግን «በጭድ ተጠቅልሎ ካገር ቤት እስኪመጣ ሰንብቷል፤ ተቀቅሎ ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም» ብላ፣ ዶሮዋ ያን ጊዜ የጣለችውን ይዛ ተከተለችኝ። ስኒ ውስጥ ሰበረችው፤ እሳቱን ቀነሰችና ስኒውን ከውሃው አስጠግታ ቀስ ብላ አንሸራተተችው። አስኳሉ ነጩን እንደ ነጠላ ተከናነበ። ባሌ በማንኪያ ጨረሰውና «ሌላ የለም?» አለ። አማቴ ዞር ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በማግስቱ በሬን ብከፍት ዘይነብ ዶሮዋን ደጄ ላይ ታስራለች።

«ሰውዬው እስኪነሳ እንቁላሏን እዚሁ ትጣል» አለችኝ። «ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽው ምርቃት ይኸው።»