እምቢ ካለ ደህና ነው

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ አንድ ቄስና ላፕቶፕ ጭኗ ላይ የዘረጋች ወጣት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የምትጽፊው ምንድን ነው?»

«ጥያቄ ነው አባ። የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ እየሠራሁ ነው። ሰርቨሩ፣ ማለት ዋናው ኮምፒዩተር፣ ሩቅ ነው ያለው። ከርል በሚባል መሣሪያ ትእዛዝ ጽፌ እጠይቀዋለሁ፤ ይመልስልኛል።»

«አሁን ምን አለሽ?»

«አይፈቀድልሽም አለኝ።»

«ምነው ታዲያ ትስቂያለሽ?»

«ጠዋት ሙሉ ዝም ብሎኝ ነበራ! ዝም ካለ ምን እንዳገኘው አይታወቅም። እምቢ ካለኝ ግን አለ ማለት ነው። የቀረውን አስተካክለዋለሁ።»

«እውነትሽን ነው። እኛም የቆሎ ተማሪ ሳለን በየደጁ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ስንል፣ ‹እግዜር ይስጣችሁ› ብሎ ከሚሸኘን ቤት ይልቅ ዝም የሚለን ነበር የሚከብደን።»

«እንደሱ ነው አባ።»

«ወንዱ ልጄ ድቁናውን ትቶ ከሄደ ወዲህ አኩርፎኛል። ስደውል ይዘጋብኛል። ከፍቶኝ መደወሉን ተውሁት። አገሩ እንዲህ ከታመሰ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም።»

«እስቲ አሁን ይደውሉለት።»

«እንዴ፣ አሁን?»

«አሁን።»

«ይኸው... ይጠራል... ይጠራል... ዘጋው!»

«አይዞዎት አባ።»

«ምነው ልጄ፣ ዘጋብኝ እኮ! ተመስገን፣ ዘጋብኝ!»

መውረጃዬ ደርሶ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።