ባለ ኒሻኑና የተነሣው ሟች

እትዬ በላይነሽ፣ እንደምን ዋሉ? አይ፣ አይነሡ… ለእኔ ደግሞ ማን ይነሣል! ይቀመጡ፤ እኔ እዚህ ጨው ጆንያው ላይ ይበቃኛል። የዛሬው ነፋስ ምን ጉድ ነው? ከባቡር ጣቢያው እርስዎ መጋዘን እስክደርስ ነጭ ልብሴ የወለንጪቲን መንገድ መሰለ። ዶሮዎችዎስ? ያቺ ጥቁሯ አሁንም እንቁላሏን ጎረቤት ነው የምትጥለው? ጎረቤትዎም «የእኔ ዶሮ ጣለች» ይላሉ አሉ… ምን ይደረግ፣ ያነሡት እሳቸው ናቸው።

እንዲያው ሳልፍ ቁልፉን በእጅዎ አየሁና ገባሁ። ለዳግማይ ትንሣኤው ቴያትር መጋዘኑን ሊሰጡ ነው ሲባል ሰምቻለሁ… ለእኚያ ለባለ ኒሻኑ አዘጋጅ። ስማቸውን ምን አስጠራኝ? ኒሻኑ ራሱ ከአዳማ ገበያ ማዶ ለማዶ ይታያል። ሽንኩርት ሲገዙ እንኳ አያወልቁትም እኮ! ደግ አደረጉ። ፊታቸውን አይቶ ያላወቃቸው ሰው፣ ደረታቸውን አይቶ ይወቃቸው።

እኔ በእውነት አደንቃቸዋለሁ። ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ፣ ቃል ለጠፋበት ተጫዋች ቃል የማቀብል ሰው ነኝ፤ ከእኔ የበለጠ በቅርብ ማን አያቸው? አዲስ አበባ ሳሉ ቴያትር ያዩት በመስኮት ነው የሚሉ አሉ። ሐሜት ነው። በትክክል ለመናገር፣ በበር ስንጥቅ ነው። ታዲያ በስንጥቅ አይቶ እዚህ የደረሰ ሰው፣ በሩ ተከፍቶለት ቢሆን ኖሮ የት ይደርስ ነበር?

ሥርዓታቸውስ! ተጫዋች ሁሉ ከፊት ለትልቅ እንግዳ ለተቀመጠው ወንበር ጀርባውን እንዳይሰጥ ብለው ደንግገዋል። ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ያው ነው። ሙሽራዋም፣ ዳኛውም፣ ሽፍታውም ከመድረክ የሚወጡት ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው። አንድ ጊዜ ሽፍታው ሲሸሽ፣ አሳዳጁም ሲያሳድደው፣ ሁለቱም የኋሊት ሄደው ከእነዚሁ ጆንያዎች ላይ ተቃቅፈው ወደቁ። ሰው «ታረቁ» ብሎ አጨበጨበ። ከእሳቸው በቀር በአንድ መውደቅ ጠላት የሚያስታርቅ ማን አለ?

የአምናውን ያስታውሱታል መቼም፤ መጋዘኑም ወንበሩም የእርስዎ ነበር። ያ ትልቅ ሰው፣ ደጃዝማቹ፣ ከድሬዳዋ ይመጣሉ ተባለ። ባቡሩ አዋሽ ላይ ተበላሸ ሲባል ጊዜ «እንግዲህ አይመጡም» ብለን ጀመርን። ሟቹን አባት የተጫወተው ሆራ ነበር፤ ያ ከጣቢያው ጭነት የሚያወርደው። እንዴት ያለ አሟሟት! በአቡጀዲ ተከፍኖ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ፣ ተጫዋቿ መሰለች ሚስቱ ሆና ደረቷን እየመታች፣ እርስዎ ራስዎ በነጠላዎ ጫፍ እንባዎን ሲጠርጉ አይቻለሁ። በዚያ መካከል በሩ ተከፈተ… ደጃዝማቹ ገቡ። ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ።

ሆራስ? ጌታ ቆሞ ሳለ እንዴት ይተኛ? በእናቱ ቤት እንዲህ አላደገም። ተነሣና ከፈኑን አደግድጎ እጅ ነሣ። ደጃዝማቹ እስኪቀመጡ ቆሞ ጠበቀ፤ ሲቀመጡም ቀስ ብሎ ወደ ምንጣፉ ተመልሶ ሞተ።

ከመጋረጃው ኋላ እኚያ አዘጋጅ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ይህ ከብት አዋረደኝ! ሁለተኛ ከዚህ ደጃፍ እንዳይደርስ!» ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ ጆሮዬን ብዙም አላምነውም። ወዲያው ደጃዝማቹ እንባ እስኪያወጡ ሳቁና «በሕይወት ያለው በቅጡ አይነሣልኝም፤ የእናንተ ሙት ተነሣልኝ! ይህን ማን አሰበው?» አሉ። እኚያ ሰው መጋረጃውን ገልጠው ወጡ፤ ጎንበስ ብለው፣ «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ።

ተሰጥኦ ማለት ይህ አይደለም? እኔን የመሰለ ሰው አንድ ነገር አስቦ፣ ተጠራጥሮ፣ ደግሞ አስቦ ነው የሚሠራው። እሳቸው ግን ነገሩ ከሆነ በኋላ አስቀድመው ማሰብ ይችላሉ! ደጃዝማቹ በዚያው ዕለት ካባ ደረቡላቸው፤ ኒሻኑ በኋላ ከአዲስ አበባ መጣ።

ሆራንም አልረሱት። ቴያትር ባለ ቁጥር በረኛውን ጠርተው «ሆራ እንዳይገባ» ይላሉ፤ እንዲህ የሚያስታውስ ጌታ የት ይገኛል? አዝነውለት ነው። ከገባ ሰው ሁሉ «ማን አስነሣህ?» እያለ ያደክመዋላ።

በምትኩ የእህታቸውን ልጅ ሟች አደረጉት። ጎበዝ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ተነሥተህ እጅ ንሣ ብለውታል፣ እሱም ይነሣል። ቢሾፍቱ ላይ ነፋስ ከፍቶት ለነፋስ እጅ ነሣ። ወለንጪቲ ላይ ደግሞ የገባው ጨው ነጋዴው ጂብሪል ነበር፤ አህያው ጠፍታበት። ጂብሪል የሟቹን ሰላምታ በክብር ተቀብሎ «አህያዬን አይተሃል ወይ?» አለው። ሟቹም «በገበያው በኩል ሄዳለች» አለው። እኔ ይህን ቃል አላቀበልኩትም፤ ከራሱ ነው። ተሰጥኦው የዘር ነው መሰለኝ።

ያን ቀን የሆራ እናት ከፊት ተቀምጠው ነበር። ወለንጪቲ አይደል አገራቸው? ልጃቸው ሲሞት ሊያዩ ቀሚሳቸውን አጥበው፣ ጎረቤት ሁሉ አስከትለው መጥተው። ከፈኑ ሲገለጥ የሌላ ሰው ልጅ ሆነ። «ኢልሚ ኮ ኤሰ? ልጄ የታለ? ይሞታል ብላችሁኝ እኮ ነው የመጣሁት!» ብለው ጮኹ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ከመጋረጃው ኋላ ሳቅሁ… ሆራ ግን ከውጭ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ሰምቷል። ቴያትር ባለበት ሁሉ እንደዚያ ይቆማል፤ የሟቹን ቦታ ሲደርስም፣ ከውጭ ሆኖ ዓይኑን ይጨፍናል።

እሑድ ደግሞ እናቱ በባቡር ይመጣሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ሲሞት ልየው ብለዋል። ደጃዝማቹም ይመጣሉ። ሟቹ እንግዲህ… ያው የእህት ልጅ ነው።

እኔ ምንም አልጠየቅሁም፣ እትዬ። ሟቹ ማን ይሁን ማለት የባለ ኒሻኑ ሥራ ነው። መጋዘኑ ለማን ይከፈት ማለት ግን የባለ መጋዘኗ አይደለም? ልሳሳት እችላለሁ። ቁልፉ ከእርስዎ ነው፣ በረኛውም የእርስዎ ሰው ነው። ደግሞስ ሆራ ምንጣፉ ላይ ቢጋደም እሳቸው ምን ይጎዳሉ? ለአንድ መነሣት ካባና ኒሻን ካገኙ፣ ቢደግምላቸው ምን ሊሸለሙ ነው? የሚያሰጋቸው እንደሆን፣ ደጃዝማቹ በዚህኛው ጊዜ «ማን አሰበው?» የሚለውን ጥያቄ ለሟቹ ያቀረቡት እንደሆነ ነው… ይህን ደግሞ ማን ያስባል?

ምነው፣ ቁልፉን በነጠላዎ ጫፍ ቋጠሩት? …ሆራ ራሱ መጥቶ ይውሰደው ነው የሚሉት? እኔ እኮ ለጨዋታ ያህል ነው ያነሣሁት! እሺ፣ ከተባለ እነግረዋለሁ። አሁን ጣቢያው ላይ ነው።

ለእሳቸው ግን ክፉ አልወድም። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፣ ኒሻኑንም ከደረታቸው አያውርድ። ያቺ የማትቀር ቀን ከብዙ ዘመን በኋላ ስትመጣም፣ ከፈናቸው የሐር ይሁን፣ አልቃሻቸው ይብዛ፣ አንድ ትልቅ ሰውም አርፍዶ ይግባ… ያን ጊዜ እንኳ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድማቸው፣ በራሳቸው ሐሳብ ብድግ ይበሉ።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።