ጋሼ ድገሚው

ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ እስክጨርስ አያቋርጡኝ።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሼ እዚህ ላብራቶሪ መጀመሪያ የመጡ ዕለት በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ቦርሳቸውን አስቀምጠው በቀጥታ ወደ ተበላሸው ፍሪዘር ሄዱና ጆሯቸውን ለጠፉበት። የፍሪጅ ጠጋኝ ስንጠብቅ ስለነበር «ቶሎ ይጨርሱልን፣ አዲሱ ተመራማሪ ዛሬ ይመጣል» አልኳቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ሠሩት። ሲጨርሱ እጃቸውን እየታጠቡ «የተመራማሪው ወንበር የቱ ነው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ውጤት ይዤ እየሮጥኩ ስገባ፣ ግንባራቸው ላይ የሰቀሉትን መነጽር ጠረጴዛው ላይ እየፈለጉ «ጥሩ ነው፤ ድገሚው» ይሉኛል። ስማቸው ጋሼ ድገሚው ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። ባለቤታቸው «እሺ፣ አገባሃለሁ» ሲሏቸውም መልሳቸው ይኸው ነበር አሉ። ደግመውላቸዋል፤ እግዜር ይስጥልን።

የላብራቶሪ ሰው ላልሆናችሁ ልንገራችሁ። ኮሮና ቫይረስ ብቻውን መባዛት አይችልም። ሴል ውስጥ ገብቶ በሰው ቤት፣ በሰው ዕቃ ነው የሚራባው። ከሴሉ ፕሮቲኖች መካከል ግን ይህን የሚያግዱ አሉ። ጋሼ አንዱን ጠረጠሩ። እሱን ከሴሉ ስናወጣው ቫይረሱ እንደ ልቡ ተባዛ፤ ስንመልሰው ቀጥ አለ። እኛ ጨፈርን፤ እሳቸው ድገሙት አሉ። ስንደግመው መብራት ጠፍቶ ሴሎቹ ሞቱብን፤ ጡረታውም ደረሰ። «በአንድ ጊዜ ውጤት አልፈርምም» ብለው፣ ዓመታት የፈጁበትን ጥያቄ ሳይዘጉ ካርቶናቸውን ማሰር ጀመሩ።

ጋሼ፣ በወረርሽኙ ጊዜ እናቴን ሳስታምም ላብራቶሪ የማሳድጋቸውን ሴሎች እየመገቡ ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን እንኳ ውለታውን አንስተውብኝ አያውቁም። ደስ ስላለኝ ብቻ አንድን ነገር እውነት ነው እንዳልል ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ። በጣም እወድዎታለሁ።

እንግዲህ ምስጢር ላውጣ። እርስዎ ካርቶን ሲያስሩ እኛ ወዲያኛው ክፍል ተደብቀን ሙከራውን እንደገና ጀምረነው ነበር። ፕሮቲኑ በሌለበት ቫይረሱ ተባዛ፤ በተመለሰበት ቆመ። ውጤቱ ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ ፊርማዎን ይጠብቃል።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ለጤናቸው፣ ለረጅም ዕድሜያቸው፣ እንቅልፍ ለሚጠግቡባቸው ጠዋቶች።

ጋሼ፣ አፍዎን ሲከፍቱ አይቻለሁ። ደግመነዋል።