የአሥራ ሁለት ሰዓቱ በር

ሰው ሁሉ «ጋሽ ሚሊሜትር» የሚላቸው የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ባለሙያ መታወቂያቸውን ሊያስገለብጡ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ሲሉ፣ የጎረቤታቸውን የነርሷን ልጅ እዚያው አገኟት። ልጅቱ አሁን የቴክኒክ ኮሌጁ መምህርት ናት። ከማሽኑ የሚወጣውን ትኩስ ወረቀት እንደታቀፈች ብድግ ብላ እጅ ነሳቻቸው።

ወረቀቱ ለምን እንደሆነ ጠየቋት። ለሰፈር ሽማግሌዎች ሥልጠና እንደምትሰጥ፣ ሽማግሌዎቹም የኮሌጁ ደንብ ለሴቱም ለወንዱም የሚመች እንዲሆን በቦርዱ ፊት እንዲሟገቱ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ሐሙስ ቦርዱ ዐሥራ አንድ ሴት ተማሪዎችን ሊያሰናብት ነው። እሳቸው ደግሞ በቦርዱ የነዋሪው ተወካይ ናቸው።

«የብስክሌትሽን ፔዳል ስጠግን የኖርኩት ሰውዬ ዛሬ ተማሪሽ ልሆን ነው?»

«አሁንም የወለቀ ነገር አለ፣ ጋሼ። ለዚያ ነው የምፈልግዎ።»

ሳቁና እሺ አሉ። ሆኖም ለሴት ልጅ ከእሳቸው በላይ የተቆረቆረ አለ ብለው አያምኑም ነበር። የሴቶች ማደሪያ በር ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ያስወሰኑት እሳቸው ናቸው፤ ስንት አባት በዚህ መርቋቸዋል።

ማክሰኞ ስድስት ሽማግሌዎች የተማሪ ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። መምህርቷ ንግግር አላበዛችም። ለእያንዳንዳቸው ባዶ የሰዓት ሰሌዳ ሰጥታ፣ የአንዲት የሁለተኛ ዓመት የብረታ ብረት ተማሪን ውሎ እንዲሞሉ ጠየቀቻቸው። ቀን ቀን ማሽኖቹን አንደኛ ዓመቶች ስለሚይዟቸው፣ የሁለተኛ ዓመት ልምምድ ከአሥራ አንድ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ከወርክሾፑ እስከ ማደሪያው ደግሞ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።

ጋሽ ሚሊሜትር እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ጻፉ፤ አጠፉ፤ እንደገና ጻፉ። በሩ ሳይዘጋባት ለመድረስ ልጅቱ ከአሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ በኋላ መቆየት አትችልም። ሦስት ሰዓት ከሚፈጀው ልምምድ የሚደርሳት አርባ ደቂቃ ብቻ ነው፤ እሱም ማሽን በማዘጋጀት ያልቃል። በሕይወታቸው ልኩ አልገጥም ያላቸው ሥራ ይህ ብቻ ነበር።

«ታዲያ እነዚህ ልጆች ምን ያድርጉ?» አሉ በመጨረሻ።

«ቀሪ ይባላሉ። ቀሪው ሲበዛ ይባረራሉ። ዐሥራ አንዱም እንዲህ ነው የሆኑት።»

ከጎናቸው የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ፣ ሴቶቹ ብረቱን ትተው ስፌት ቢማሩ ምን አለበት አለ።

«ተው ወዳጄ፣» አሉት ጋሽ ሚሊሜትር፣ «ቶርኖ የያዘው እጅ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እጁ መልመዱን ነው።» ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ግን በሩ ይከፈት ብዬ አንዷ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ? እናቷን በምን ዓይኔ አያለሁ?»

«ጭንቀትዎ ልክ ነው፣ ጋሼ። ግን አደጋው ያለው መንገዱ ላይ ነው፤ እኛ የቆለፍነው ልጆቹን ነው።» ሰሌዳቸውን በጣቷ እያመለከተች ቀጠለች። «ደንቡ ሲወጣ ከሴት ተማሪዎቹ ማንን ጠየቁ?»

ጋሽ ሚሊሜትር አሰቡ። አባቶችን አማክረዋል፤ የኮሌጁን ዲን አማክረዋል፤ ዘበኛውን ሳይቀር አማክረዋል። «አንዷንም፣» አሉ ሽበታቸውን ዳበስ አድርገው።

ሐሙስ ዕለት ዲኑ የስም ዝርዝሩን አንብቦ ለድምፅ እጅ ሊያስወጣ ሲል ጋሽ ሚሊሜትር ተነሡ። ለሰው ልክ ለሚያወጣ ሽማግሌ የራሱን ስሕተት በአደባባይ መናገር ቀላል አይደለም፤ እሳቸው ግን ተናገሩት።

«ልጆቹ ወደው አልቀሩም። በሩን ያስዘጋሁባቸው እኔ ነኝ። የሚቀጣ ካለ እኔ ልቀጣ፤ እነሱ ይማሩ።»

የተቃወመ አልጠፋም፤ እሳቸው ግን ሰሌዳውን ዘርግተው ደቂቃ በደቂቃ አስረዱ። ስንብቱ ተሰረዘ። ያመለጣቸውን ልምምድ በዕረፍት ጊዜ እንዲያካክሱ ተፈቀደ፤ በሩ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ሆነ፤ በመንገዱ ላይ መብራት ተተከለ፤ ሁለት ሴት ተማሪዎችም በደንብ አውጪው ኮሚቴ ገቡ።

ዓመቱ ሲያልቅ ከዐሥራ አንዱ ዘጠኙ ተመረቁ። መብራቱ ለወንዶቹም በራ፤ ፋብሪካዎች ያጡትን ባለሙያ አገኙ፤ በየቤቱም የታናናሾቻቸውን ትምህርት የሚያግዙ እህቶች በዙ። ያ ፀጉር አስተካካይ እንኳ ሴት ልጁን ለብረታ ብረት አስመዘገበ።

አንድ ቀን አንድ አባት ተቆጥቶ ወርክሾፓቸው ድረስ መጣና፣ በሩ እስከ ምሽት የሚከፈት ከሆነ ሴት ልጁን ከኮሌጁ እንደሚያስወጣ ዛተ። ጋሽ ሚሊሜትር ቶርኖውን አጥፍተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ጥሩ፣» አሉት ኮታቸውን እየደረቡ፣ «እንሂድና መጀመሪያ እሷን እንጠይቃት።»