በአውራ ጣት የጸደቀ ነጭ

ያን ቀን ጠዋት ታክሲ ጠፍቶ ባልቆም ኖሮ የምተርክላችሁን ጉድ አላይም ነበር። ስንቱን አየሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄን ግን ያየሁት በዓይኔ ባይሆን ኖሮ፣ የነገረኝን ሰው ውሸታም ብዬ አባርረው ነበር።

በሰፈራችን ሰው ቤቱን ሲያመለክት «ከሰማያዊው ቤት አለፍ ብሎ»፣ «ከሰማያዊው ቤት ፊት ለፊት» ነው የሚለው። የዚያ ቤት ጌታ የቀለም ፋብሪካ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ፊት ለፊት ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን፤ ከጀርባቸው ግን ሠራተኞቻቸው «አውራ ጣት» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። በፋብሪካቸው የሚቀመም ቀለም ሁሉ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ነክረው፣ ወደ መስኮት አስጠግተው አይተው «ይሁን» ካላሉ በቀር ጣሳ ውስጥ አይገባም። አንድ ልጃቸው ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ እየሠራች፣ እኔ በማስተምርበት የሥራ አመራር ትምህርት ቤት ትማራለች። እንግዲህ ታክሲ አጥቼ ቆሜ ሳለ የጋሼ መኪና አጠገቤ ቆመ፤ ሹፌራቸው በሩን ከፈተልኝና ከኋላ፣ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ነገሩን ከሆዳቸው አወጡት። ልጃቸው ፋብሪካውን ለክፍል መማሪያ ኬዝ ላደርገው ነው ብላ ፈቃድ ጠይቃቸዋለች።

«እስቲ ንገረኝ መምህር፣» አሉኝ፣ «የሰውን ቤት ገመና ለተማሪ መዘርገፍ ነው ትምህርት የምትሉት?»

«ገመና አይደለም ጋሼ። የአንድ ድርጅት ታሪክ ተጽፎ ይቀርባል፣ ስሙም ይለወጣል። ተማሪው ራሱን በአለቃው ወንበር አስቀምጦ፣ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብሎ ይከራከራል። ሐኪም የሚማረው በሽተኛ እያየ አይደል?»

«ለመሆኑ አንተ በሕይወትህ አንድ ጣሳ ቀለም ሸጠህ ታውቃለህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ገዝቼም አላውቅ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሌላ ፋብሪካ በአንድ ቀን የሚያደርሰውን ቀለም የእሳቸው ፋብሪካ በሁለት ቀን ነው የሚያደርሰው፤ ደንበኛው አንድ በአንድ ሸሽቷል። ልጅቱ ደግሞ ሌላ ኩባንያ ፈልጓት፣ ወይ ማጽደቁን ለእኔም አካፍለኝ፣ ወይ ሰኞ እሄዳለሁ ብላቸዋለች። አንድ ልጃቸው ናት። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የመዘግየቱ ምክንያት በእሳቸው ቤት የሠራተኛ ስንፍና ነው። እኔም አፌ ላይ አላሳደርኩትም፤ ስንፍና ሳይሆን መቶ እጅ የሠራው ሥራ በአንድ አውራ ጣት በኩል ካላለፈ አይወጣም ስለተባለ ነው አልኳቸው። አለቃ የሚመሰገነው እሱ በሌለበት ሥራው ሲሄድ ነው አልኩ። ኃላፊነት ማካፈል ሥልጣን መጣል አይደለም ብዬም ጨመርኩበት። በክፍል የማስተምረውን ሁሉ እዚያች መኪና ውስጥ አራገፍኩት። ሰምተውኝ ሲያበቁ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ።

«ተማሪዎችህን ይዘህ ና። ሥራዬን በዓይናችሁ እዩ። አንዲት ስህተት ካገኛችሁብኝ ይቺን ጣት ለልጄ አስረክባታለሁ። ካላገኛችሁ ግን አንተው ራስህ ልጄን አርፈሽ አባትሽ ጋር ሥሪ ብለህ ትመክርልኛለህ።»

ተጨባበጥን።

ሐሙስ ከሰዓት ተማሪዎቼን ይዤ ሄድኩ። ቅመማ ክፍሉ ሰፊ ነው። ሽታው አፍንጫ ይሰረስራል፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ቀለም እየተደራረበ ጫማ ይይዛል። ማማሰያዎቹ ያጉረመርማሉ። ጋሼ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ እንደ ሙሽራ ደምቀው ጠበቁን። ልጃቸው ከጎናቸው ቆማለች። የዕለቱ ሥራ ለአንድ ሆስፒታል ግድግዳ የታዘዘ ነጭ ቀለም ነበር።

የቀማሚዎቹ አለቃ፣ ሸበቶ ጎልማሳ፣ ከበርሜሉ በጭልፋ ቀድቶ አቀረበላቸው። እኔ እስከማውቀው ነጭ ነው። ጋሼ ጣታቸውን ነከሩ፣ መስኮቱ ጋ ሄዱ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ።

«ገና ቢጫ ነው። ሰማያዊ ጠብ አድርግበት።»

አደረገበት። አሁንም ቢጫ ነው አሉ፤ ደግሞ አስጨመሩ። አሁንም። ተማሪዎቼ መተያየት ጀመሩ። እኔ መጀመሪያ የማላውቀው የሙያ ምስጢር አለ ብዬ ነበር፤ ሲደርቅ ይነጣ ይሆናል አልኩ በሆዴ። በመጨረሻ ጋሼ ጣታቸውን ከፍ አድርገው ለሁላችንም አሳዩን። እስከ አንጓዋ ድረስ ጥርት ያለ የሰማይ ቀለም ሆናለች።

«አያችሁ?» አሉ ፈገግ ብለው። «ነጭ ማለት ይሄ ነው። ይሁን።»

ክው አልኩ። አንዱ ተማሪዬ ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተና የሠራተኞቹን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። አንድም ሠራተኛ ቅንድቡን አላነሳም። ልጃቸው ብቻ ጣቲቱን አፍጥጣ ታይ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ የጋሼ ዓይን ብቻ አልነበረም፤ ዓይን ይደክማል። ያ ሁሉ ሰው ሰማያዊውን ነጭ ነው ሲባል፣ የሰላምታ ያህል እንኳ ሳይገርመው ራሱን ነቅንቆ መቀበሉ ነው ያስበረገገኝ።

ጋሼ ሻይ ላዝዝላችሁ ነው፣ ጎብኝታችሁ ስትጨርሱ ኑ ብለው ወደ ቢሮአቸው ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ማንም ሳያዛቸው ሠራተኞቹ ተነሱ። ሰማያዊውን በርሜል ክዳኑን ገጥመው ወደ ጓዳ አንከባለሉት፤ ሌላ ባዶ በርሜል አመጡ፤ የቀለም ናሙና ካርድ ግድግዳው ላይ ሰቀሉና ከመጀመሪያው መቀመም ጀመሩ። ልጅቱ ቢሮ የምትሠራ ናት፤ ቀለም ሲቀመም ቆማ አይታ አታውቅም። ቀለሟ ተለዋወጠ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለች።

«ሁልጊዜ የምንሠራውን ነዋ፣» አለ ሸበቶው፣ አንገቱን ደፍቶ። «መጀመሪያ ለጋሼ እንሠራለን። ከዚያ ለደንበኛው እንሠራለን።»

እንግዲህ ሁለት ቀን የሚፈጀው ለዚህ ኖሯል። እኔ በመኪና ውስጥ ያን ሁሉ የለፈለፍኩት፣ ጋሼም ስንፍና ነው ያሉት፣ ሁለታችንም አልነካነውም። ተማሪዎቼ የጓዳውን በር ከፈት አድርገው አዩና አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ተጠግቼ አየሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ በርሜል በበርሜል ላይ ተከምሯል። በሁሉም ላይ «ነጭ» የሚል ተለጥፎበታል፤ በክዳኖቹ ጠርዝ የወረደው ቀለም ግን ሁሉም ሰማያዊ ነው።

ልጅቱ ለምን አልነገራችሁትም ብላ ጠየቀች። ሸበቶው ነገሩን ቀስ እያለ አወጣው። አንድ የነገራቸው ነበር፤ ቀጭኑ የሚሉት ጥሩ ቀማሚ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነጭ አይደለም» አላቸው፣ በሰው ፊት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ይተንፍስ? ይወዷቸዋል፤ የታመመባቸውን የሚጠይቁ፣ የሞተባቸውን የሚቀብሩ ጌታ ናቸው። ይፈሯቸዋልም። ፍቅሩና ፍርሃቱ ተደባልቆ ይኸው ፋብሪካውን እጥፍ ሥራ ያሠራዋል።

«እባክሽ አትንገሪያቸው፣» አላት ሸበቶው። «ይሰበራሉ።»

እውነቴን ነው፣ እኔም ሌላ ቀን ይሁን ልላት ነበር። እሷ ግን ከሰማያዊው ቀለም በጣሳ ቀዳች፤ ከመስቀያው ላይ አንድ የታጠበ ነጭ ጋውን አነሳች፤ «ዛሬ ካልነገርኩት እኔም ከእናንተ አንዷ ሆንኩ ማለት ነው» ብላ ወደ ቢሮው ወጣች። ሸበቶውና እኔ ተከተልናት። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ፣ ጋውኑን ከጎኑ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው?»

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ። «ቀለሙ ይነጣል። ጋውኑ ትንሽ ቢጫ ብሏል፣ ሳሙና አንሶት ይሆናል።»

«ጋውኑ ነጭ ነው አባዬ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ዓይንህን አሞሃል።»

ፊታቸው ቀላ። እሷን ትተው ወደ ሸበቶው ዞሩና «አንተ ንገራት» አሉት። ሸበቶው መሬት መሬቱን አየ። የጋሼ ድምፅ ወረደ።

«ምንድን ነው ቀለሙ?»

«ሰማያዊ ነው ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል ጋሼ።»

«ስንት ሰው ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«ዘበኛውም?»

«ዘበኛውም ያውቃል።»

ሽማግሌው ጣታቸውን አነሱና ልክ የሌላ ሰው ጣት እንደሆነች አገላብጠው አዩዋት። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ «ቀጭኑስ?» አሉ ብቻ። «ያ ልጅ ያለኝ… እውነቱን ኖሯል?»

«እውነቱን ነበር ጋሼ።»

ስንወጣ ጋሼ እጄን ያዙኝ። «መምህር፣ ይሄን ጻፈው» አሉኝ። «ስሙን አትለውጥ ልልህ ነበር። ግን ለውጥልኝ፤ ያሳፍረኛል።» እንዳሉት አድርጌአለሁ።

ቃላቸውንም አላጠፉም። በማግሥቱ ማጽደቁን ለልጃቸው አስረከቡ፤ እሷም ብቻዋን አልያዘችውም። አሁን ቀለሙ በቀን ብርሃን ከናሙና ካርዱ ጋር ይተያያል፤ ሁለት ሰው ተለያይቶ አይቶ ካልተስማማ አይወጣም፤ አዲስ የተቀጠረም ቢሆን ጥርጣሬ የገባው ሠራተኛ ማማሰያውን የማቆም መብት አለው። ቀጭኑን ጋሼ ራሳቸው ከሚሠራበት የቀለም ሱቅ ድረስ ሄደው፣ ገዢ ቆሞ እየሰማ ይቅርታ ጠየቁት። ጥቂት አስለመናቸው፤ ደግ አደረገ። ዛሬ የጥራት ክፍሉ አለቃ ነው። ቀለሙ በአንድ ቀን ይወጣል፣ ሸሽቶ የነበረው ደንበኛ እየተመለሰ ነው፣ ልጅቱም አልሄደችም። በክፍሌ ውስጥ ደግሞ ይህንን ኬዝ የተማረ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይወጣል። እውነት የነገረውን ያባረረ አለቃ ያባረረው አንድ ሰው መስሎት ይኖራል፤ የቀረውንም ሰው አፍ አብሮ እንደዘጋ አያውቅም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን የባሰው ድንጋጤ ቀርቶ ነበር።

ጋሼ ዓይናቸውን በቀዶ ጥገና ታክመው ፋሻው የተፈታላቸው ዕለት፣ ከልጃቸው ጋር ሆኜ ወደ ቤት አመጣናቸው። በመንገዱ ሁሉ እንደ ሕፃን ልጅ የየሱቁን በር ቀለም እየጠሩ መጡ። መኪናው ሲቆም ወረዱና ቀጥ ብለው ቀሩ።

«ይሄ የማን ቤት ነው?»

ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «የእኛ ነው እንጂ» አሉ።

«ማን ነው ሰማያዊ የቀባው?»

«አንተ ነህ። ከፋብሪካህ በርሜል አምጥተህ፣ ለእኔ ለብቻዬ እንደ ወተት ነጭ ነው እያልክ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። «አንቺም?» አሉ። «አንቺም አውቀሽ ዝም አልሽኝ?»

ባለቤታቸው ቁልፉን በእጃቸው አገላበጡ።

«ያን ቀጭን ልጅ ያባረርክ ዕለት፣ ራት ላይ ተቀምጠህ እንዴት አድርጌ አባረርኩት እያልክ ስትፎክር ሰምቼሃለሁ። እሱስ ሌላ ሥራ አገኘ። እኔ ብባረር የት እሄዳለሁ?»

ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ልትደግፋቸው ብትል በእጃቸው ከለከሏት። ባለቤታቸው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

በሳምንቱ ቀለም ቀቢ ያመጣሉ ብዬ ነበር፤ አላመጡም። ቤቱ እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው። ጋሼ ግን ማታ ማታ ሲገቡ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ባለቤታቸውን «ዛሬስ ሳትነግሪኝ የዋልሽው ነገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ ይባላል። ባለቤታቸውም ይነግሯቸዋል።