ካሞን
አስተርጓሚ ነኝ ብዬ አንድ እንግሊዛዊ ተከትዬ ከአዳማ ወደ ሐይቆቹ ስንወርድ፣ ቡልቡላ ወንዝ መሻገሪያ ላይ መኪናችን ጭቃ ያዛት። ውሃው እየሞላ ነው። ሰውዬው መሪውን እየደበደበ «ካሞን! ካሞን!» ይላል። በሬዎቻቸውን ጠምደው ሊጎትቱን የመጡት ገበሬ፣ ኦቦ ቱፋ፣ «ምን እያለ ነው?» አሉኝ።

«ነይ እያላት ነው።»

«መኪናን?» ብለው ሳቁብኝ።

በሬዎቹ ትንሽ እንደሳቡን አንደኛው ተንበረከከ። ኦቦ ቱፋ ተስፋ ቆርጠው ቀንበሩን ሊያወርዱ ሲሉ እንግሊዛዊው ውሃው ውስጥ ገባና የበሬውን አንገት እያሻሸ፣ ቀስ ብሎ «ካሞን» አለው። በሬው ተነሣ፤ እኛም ወጣን።

«አሁንስ ምን አለው?»

«አይዞህ» አልኳቸው።

በሌላ ጊዜ በዚያ ሳልፍ ኦቦ ቱፋ ያርሳሉ። ያ በሬ ትልም መሃል ቀጥ አለባቸው። ጅራፉን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉና «ካሞን፣ ልጄ» አሉት።